ካርዱን ካልፈረምኩ ከዳተኛ ነኝ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አትላንታ የምኖር የበረራ አስተናጋጅ ነኝ፤ በሥራው ሰባት ዓመት ሆኖኛል። የምሠራበት አየር መንገድ ስም ይቅርብኝ። እኛ አስተናጋጆቹ ዩኒየን የለንም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ዩኒየን እንዲገባ ምርጫ ለማስጠራት የፊርማ ካርድ እየተሰበሰበ ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደን መኪና ውስጥ፣ በሥልጠና ጊዜ እጄን ይዛ ያሳለፈችኝና እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ባልደረባዬ ካርዱን ከነስክሪብቶው ሰጠችኝ። «ላስብበት» አልኳት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ አብረን ስንመደብ ከሥራ ጉዳይ በቀር አታናግረኝም። ካርዱ እስከ ዛሬ በፓስፖርት መያዣዬ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

እውነቱን ለመናገር ልቤ «አይሆንም» ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አጥርቼ ማስረዳት አቃተኝ። አዲስ አበባ ላሉት አባቴ ብነግራቸው አዘኑብኝ። እሳቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩ፣ በ1966 ዓ.ም. አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ላይ የተሳተፉ ሰው ናቸው። «ከሠራተኛ ተለይቶ ከአለቃ ጎን መቆም ነውር ነው» አሉኝ። ካርዱንም ሳልፈርም፣ ምርጫው ቢደርስም ድምፅ ሳልሰጥ ዝም ብዬ ባሳልፈውስ? ወይስ «አይሆንም» ማለት በእርግጥ ክህደት ነው?

ግራ የተጋባሁት፣ ከአትላንታ

መልስ፦

እህቴ፣ ክህደት አይደለም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ከምርጫው ይበልጥ እንቅልፍ የነሳሽ «ነውር» የምትለዋ ቃል መሆኗ ስለታየኝ ነው ከዚህ የጀመርኩት። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም «አይሆንም» ነበር የምለው። ምክንያቴን ግን በደንብ ስሚኝ፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ ምክንያት ትክክል የመሰለውን ይመርጥና በኋላ ይጸጸታል።

የሠራተኛ ማኅበር ጠላት አለመሆኔን አስቀድመሽ እወቂልኝ። እዚህ አገር መጥቼ ዘጠኝ ዓመት ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ የማኅበር አባል ነበርኩ። አንዲት ባልደረባዬ ባልሠራችው ጥፋት ከሥራ ስትታገድ የማኅበሩ ተወካይ አጠገቧ ተቀምጦ ወደ ሥራዋ መልሷታል። ያን ዕለት አልቅሻለሁ። በዚያው ሆቴል ደግሞ ልጄ ትምህርት ስትጀምር የጠዋት ፈረቃዬን ከአንዲት ጓደኛዬ የማታ ፈረቃ ጋር ለመለዋወጥ ፈለግሁ። እሷ ፈቃደኛ ነበረች፣ ተቆጣጣሪዋም «እኔ ግድ የለኝም» ብላ ነበር። የኅብረት ስምምነቱ ግን ፈረቃ በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ብቻ እንደሚያዝ ስለሚል ከእኔ በፊት የተቀጠሩ አሥራ አንድ ሰዎች ቅድሚያ ነበራቸው። ልጄን ሁለት ዓመት ጎረቤት ናት ትምህርት ቤት ያደረሰችልኝ። ማንም አልበደለኝም። ውል ማለት ይህ ነው፤ አለቃን በሚያስርበት ገመድ ሠራተኛውንም ያስራል። አንዳንዱ ሰው ያ ገመድ ያስፈልገዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያንቀዋል።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዝም ብዬ ላሳልፈው ያልሽው አይሆንም። ድሮ ቢሆን ያስኬድሽ ነበር፤ በቀድሞው ደንብ ማኅበሩ የሚያሸንፈው ድምፅ መስጠት ከሚችለው ሠራተኛ ሁሉ ከግማሽ በላዩ ከመረጠው ብቻ ስለነበር ድምፅ ያልሰጠ ሰው እንደተቃወመ ይቆጠር ነበር። የዴልታ አየር መንገድ አስተናጋጆች በ2008 ያደረጉት ምርጫ የከሸፈው ድምፅ የሰጡት ከግማሽ በታች ስለነበሩ ነው። በ2010 ግን ምርጫውን የሚያካሂደው ብሔራዊ የሽምግልና ቦርድ ደንቡን ለወጠውና አሁን የሚቆጠረው የተሰጠው ድምፅ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት በአዲሱ ደንብ ዴልታ ውስጥ እንደገና ተመረጠ፤ 9,216 ሰዎች ማኅበሩን ደገፉ፣ 9,544 ተቃወሙ። ልዩነቱ 328 ሰው ነበር፤ አንድ ትልቅ አውሮፕላን እንኳን በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ ምርጫው ከደረሰ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ገብተሽ ድምፅሽን ስጪ። ድምፁ ምሥጢር ነው፤ ጓደኛሽም አለቃሽም አያውቁትም። ካርዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ምርጫ የሚጠራው ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ ከፈረመ ብቻ ስለሆነ አለመፈረምሽ በራሱ ክብደት አለው።

አሁን ልብሽ «አይሆንም» የሚልሽን ነገር ስም ልስጠው። እኔ እንደሚመስለኝ የምትፈሪው ማኅበሩን አይደለም፤ ማኅበሩ የሚገባበትን መንገድ ነው።

አባትሽ ያውቁት የነበረው ትግል ቀጥተኛ ነው። ሠራተኛው ሥራ ያቆማል፣ ማሽኑ ዝም ይላል፣ አለቃው ለድርድር ይቀመጣል። የአሜሪካ አየር መንገዶች የሚተዳደሩት ግን በ1926 ለባቡር ሠራተኞች በወጣና በ1936 አየር መንገዶችን በጨመረ ሕግ ነው። ሕጉ የተጻፈበት ዋና ዓላማ ትራንስፖርት እንዳይቋረጥ ነው። በዚህ ሕግ የኅብረት ስምምነት የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ ያለው «ሊሻሻል የሚችልበት ቀን» ነው። ያ ቀን አልፎ አዲስ ስምምነት ካልተፈረመ አሮጌው ከነደመወዙ ይቀጥላል። ድርድሩ ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ ሽምግልና ቦርዱ ይሄዳል፤ ቦርዱ ደግሞ «በቃ፣ አልተስማሙም» ብሎ እስኪለቃቸው ድረስ የጊዜ ገደብ የለበትም። ከለቀቃቸውም በኋላ 30 ቀን ይጠበቃል፤ ፕሬዚዳንቱም ጣልቃ ሊገቡ ይችላሉ። ሥራ ማቆም የሚፈቀደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በ1993 አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ አስተናጋጆች በምስጋና በዓል ሰሞን አድማ መትተው ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ገብተው ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ።

ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር እንዳይመስልሽ። የአሜሪካን አየር መንገድ አስተናጋጆች የመጨረሻ የደመወዝ ጭማሪ ያገኙት በ2019 መጀመሪያ ነው፤ ቀጣዩ ስምምነት የጸደቀው በሴፕቴምበር 2024። በመካከሉ በ2022 ከአርባ ዓመት ወዲህ ያልታየ የዋጋ ንረት መጥቶ ነበር። ሲጸድቅ ጥሩ ስምምነት ነበር፤ ላለፈው ጊዜም ወደ ኋላ ተቆጥሮ ተከፍሏቸዋል። የቤት ኪራይ ግን ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይከፈልም፤ ባለቤቱ የሚፈልገው በየወሩ መጀመሪያ ነው። የሳውዝዌስቶቹም ከ2018 መጨረሻ እስከ 2024 ጠብቀዋል። የዩናይትዶቹ ስምምነት ደግሞ ሊሻሻል የሚችለው ከ2021 ጀምሮ ነበር። በኦገስት 2024 ለአድማ ፈቃድ ሲጠየቁ ድምፅ ከሰጡት 99.99 በመቶ «እሺ» አሉ። እህቴ፣ ከዚህ የበለጠ አንድነት ከየት ይመጣል? ነገር ግን ፈቃዱ አድማ አልሆነም፤ ሕጉ አይለቅማ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጁላይ 2025፣ ለድምፅ የቀረበላቸውን ረቂቅ ስምምነት 71 በመቶዎቹ ጣሉትና እንደገና ወደ ጠረጴዛ ተመለሱ። አራት ዓመት ሙሉ በአሮጌ ደመወዝ የኖሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ማኅበራቸውም ደካማ አልነበረም። መንገዱ ነው እንዲህ የሆነው።

በዚያው ጊዜ ማኅበር የሌላቸው የዴልታ አስተናጋጆች በ2023 5 በመቶ፣ በ2024 5 በመቶ፣ በ2025 4 በመቶ ጭማሪ አግኝተዋል። ተሳፋሪ ሲገባ በሩ ላይ ቆመሽ ሻንጣ የምታነሺበትን ጊዜ ታውቂዋለሽ፤ አዛውንቷን ወደ ወንበራቸው የምትደግፊበት፣ ሕፃን ይዛ የገባችውን እናት የምታስቀምጪበት፣ ከሥራው ሁሉ አድካሚው ሰዓት። በአሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት ያ ሰዓት በሰዓት ክፍያ አይታሰብም ነበር፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከትልልቆቹ አየር መንገዶች ለዚያ ጊዜ መክፈል የጀመረው የመጀመሪያው ዴልታ ነው፤ በጁን 2022፣ የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ ግማሽ። ማኅበር ያላቸው አስተናጋጆች ይህን ጥያቄ ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ ሲያነሱ ኖረዋል፤ የአሜሪካን አስተናጋጆች ያገኙት በ2024ቱ ስምምነት ነው።

እዚህ ላይ ጓደኛሽ አንድ መልስ አላት፤ እሱም እውነት ነው። «ያንን ያገኙት ማኅበሩ ካርድ እየሰበሰበ ስለነበረ ነው፤ ፍርሃት ነው ኪሳቸውን የከፈተው» ትልሻለች። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል። ማኅበር የሌለው አየር መንገድ ሠራተኛውን የሚንከባከበው በፍቅር ብቻ ነው ብሎ የሚነግርሽ ሰው ካለ አትመኚው። አንድ ቀን ምርጫ ይጠራል የሚል ስጋት ባይኖር ጭማሪው በዚህ ፍጥነት አይመጣም ነበር። ለእኔ ግን ይህ እውነት ወደ ሌላ መደምደሚያ ነው የሚወስደኝ። ምርጫው እየቀረበ እስካለ ድረስ አየር መንገዱ በየዓመቱ ከሌሎቹ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ምርጫው ካለፈና ማኅበሩ ከገባ በኋላ ያ ስጋት ያበቃል፤ ቦታውን ድርድር ይይዘዋል፣ ድርድሩ ደግሞ ከላይ የነገርኩሽ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን ስምምነት በዚህን ያህል ጊዜ ጨርሱ የሚል የጊዜ ገደብም የለም። ስለዚህ ካርድ የሚሰበስቡትን አትጥያቸው። የአንቺን ደመወዝ ከፍ ያደረጉት እነሱም ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ድምፅሽን ግን በምስጋና አይከፈሉም።

ደካማ ክርክሮችንም ልንገርሽ፤ ጓደኛሽ ፊት ብታነሺያቸው ትረታሻለች። አንዱ የመዋጮው ነገር ነው። በ2019 ዴልታ ውስጥ ለዩኒየን ከምትከፍሉት ይልቅ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ብትገዙበት ይሻላችኋል የሚል ፖስተር ተለጥፎ ነበር፤ ብዙ ሠራተኛ ተናደደበት፣ መናደዱም ትክክል ነው። ዋናው የአስተናጋጆች ማኅበር መዋጮ በወር 50 ዶላር ነው። አንድ ጥሩ ውል ያንን በአንድ ጉዞ ይመልሳል። ሁለተኛው ደካማ ክርክር «ማኅበር ከመጣ ጥቅማችን ሁሉ ይነጠቃል» የሚለው ማስፈራሪያ ነው። ሕጉ አሠሪው ሠራተኛውን በምርጫው ጉዳይ እንዲያስፈራራ አይፈቅድም። ተቆጣጣሪሽ ለብቻሽ ጠርቶ «አንቺ ምን ትመርጫለሽ?» ካለሽ መልስ አትስጪው፤ ቀኑንና የተባለውን ግን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። ካርዱን ከፈረምሽም ካልፈረምሽም ይህ መብትሽ ነው።

ከመዋጮው ይልቅ ክብደት ያለው ጥያቄ መውጫው ነው። ጆርጂያ ውስጥ ማንም ሠራተኛ ለማኅበር ክፈል ተብሎ አይገደድም የሚባለውን የክፍለ ግዛት ሕግ ሰምተሽ ይሆናል። በአየር መንገድ ላይ አይሠራም። ከ1951 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ማኅበሩና አየር መንገዱ ከተስማሙ እያንዳንዱ አስተናጋጅ የግድ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ለፖለቲካና ከድርድር ጋር ላልተያያዘ ሥራ የሚውለውን ድርሻ ብቻ ልትቃወሚ ትችያለሽ። ምርጫውም በከተማ ወይም በጣቢያ አይከፈልም፤ አትላንታ «አይሆንም» ብትል፣ ሌሎቹ ከበለጡ ሁሉም ይገባል። ማኅበሩ ከታወቀ በኋላ ለሁለት ዓመት ሌላ ምርጫ አይጠራም፤ ከዚያም በኋላ ለመውጣት እንደገና የግማሹን ሠራተኛ ፊርማ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በየጊዜው ከተማ እየቀያየረ በሚያድር ሠራተኛ መካከል ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። «አይሆንም» ያልሽው ቢያስጸጽትሽ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ ምርጫ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለቱ በሮች እኩል አይከፈቱም። ሳያስቡ ከሚገባበት ይልቅ ሳያስቡ የሚቆይበት ይሻላል የምልሽ ለዚህ ነው።

«ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይጠብቅሻል?» ትልሽ ይሆናል። ይህ ጥያቄ እኔንም ያሳስበኛል። በኦክቶበር 2020፣ በወረርሽኙ ጊዜ፣ አሜሪካንና ዩናይትድ በድምሩ 32 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ከሥራ አሰናበቱ፤ ሁለቱም አስተናጋጆቻቸው ማኅበር ነበራቸው። ዴልታ በፈቃደኝነት ያለ ደመወዝ ፈቃድ በወሰዱ ሠራተኞች ብዛት አስተናጋጆቹን ሳያሰናብት አለፈ። ከዚያ በፊት በ2005 ዩናይትድ ኪሳራ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ፍርድ ቤት የጡረታ ዕቅዶቹን እንዲያቋርጥ ፈቅዶለታል፤ የአስተናጋጆቹም ከነውላቸው ቀረ። ዴልታም በዚያን ሰሞን ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ደመወዝ ቀንሷል። ኩባንያው ሲወድቅ የሚተርፍ ወረቀት ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ሚዛኑን ላጉድል አልፈልግም። በወረርሽኙ ጊዜ መንግሥት የአየር መንገድ ሠራተኞችን ደመወዝ እንዲደግፍ አጥብቀው ከተሟገቱት መካከል የአስተናጋጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳራ ኔልሰን ነበሩ፤ ማኅበር የሌላቸውም ከዚያ ገንዘብ ተጠቅመዋል። ያለ ውል የተሰጠ ነገር ደግሞ ያለ ውል ሊወሰድ ይችላል። ለምሳሌ የትርፍ ክፍፍል፤ ዴልታ ለ2023 ለሠራተኛው 1.4 ቢሊዮን ዶላር አከፋፍሏል፣ ብዙ ሰው ቤቱን ያደሰበት ገንዘብ ነው። ለአስተናጋጆቹ ግን በፊርማ የታሰረ ቃል አይደለም። አንቺ የምትሠሪበት አየር መንገድ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሌሎቹ የሚከፍሉትን ሳይከፍል ቢቀር፣ ወይም የተቀጣ አስተናጋጅ ይግባኝ የሚልበት ቦታ ቢጠፋ፣ ያን ጊዜ እኔም ሐሳቤን እለውጣለሁ። አንቺም ለውጪ። አሁን የተጻፈልኝን ነው የምመልሰው፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ በደል አላየሁም፣ ያየሁት የቀዘቀዘች ጓደኛ ነው።

እሷን በተመለከተ፣ ካርዱን በፓስፖርት መያዣሽ ይዘሽ አትዙሪ። በሄድሽበት ሁሉ እንደ ዕዳ ይከተልሻል፤ እሷም «እያሰበችበት ነው» ብላ ትጠብቃለች። መጠበቋ ነው ያቆሰላት ብዬ እገምታለሁ። ቀጥሎ አብራችሁ ስትመደቡ፣ መኪናው ውስጥ በሰው ፊት ሳይሆን የዕረፍት ሰዓት ላይ ሁለት ቡና ይዘሽ ሂጂ። ካርዱን ባዶውን መልሺላት። «አልፈርምም፤ ምክንያቴም የዩናይትዶች አራት ዓመት ነው። አንቺ ባትደክሚ ኖሮ ደመወዜ እዚህ እንደማይደርስ ግን አውቃለሁ» በያት። ሁለቱንም እኩል ግልጽ አድርጊ። ከተቆጣች ትቆጣ፤ ከውሸት «ላስብበት» የእውነት ቁጣ ይሻላታል። በየቦታው ዞረሽ ሌሎች እንዳይፈርሙ የመቀስቀስ ግዴታም የለብሽም። የአንቺን አንድ ድምፅ ስጪ፣ የሷን ሥራ አታበላሺ።

ለአባትሽ ደውዪላቸው። ክርክር አትክፈቺ። በመጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ስለ 1966ቱ አድማ ጠይቂያቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንዳገኙበት ይንገሩሽ። ከዚያ አንቺም በተራሽ 99.99 በመቶ ድምፅ ሰጪ «እሺ» ብሎ ሥራ ማቆም የማይችልበትን ሕግ አስረጃቸው። አድማን የሚያውቅ ሰው ያንን ሲሰማ ምን እንደሚል እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የሚሉሽን ጻፊልኝ።